ከምናለሽ ተራ እስከ ቆሼ፦ ዑደታዊ ኢኮኖሚ ለማን?

 

መርካቶ ምናለሽ ተራን የማያውቅ ካለ አንድ ቀን ጎራ ይበል። አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይወጣዋል። ምሁራን ዑደታዊ ኢኮኖሚ ወይም ሰርኩላር ኢኮኖሚ የሚሉት ሐሳብ እዚያ በየቀኑ ይሠራበታል።

የተለመደው ኢኮኖሚ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ከምድር ማውጣት፣ ማምረት፣ መጠቀም፣ መጣል። ዑደታዊው ግን መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያገናኛል። በመጀመሪያ ፍጆታን መቀነስ፣ ቀጥሎ ዕቃውን ደግሞ መጠቀምና መጠገን፣ ካልሆነም አቅልጦ ወይም ፈጭቶ ሌላ ዕቃ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ያገለገለ አልሙኒየም ማቅለጥ ከማዕድን አዲስ ከማምረት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል።

ዑደቱ የሚቋረጠው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ እኛው እጅ ላይ ነው። ንጹሕ ወረቀትና ፕላስቲክ ገዢ አለው፤ ወጥ የነካው ወረቀት ግን ቁራሌውም አይወስደው። አንድ ላይ የጣልነው ሁሉ መድረሻው ቆሼ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከቆሻሻው ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎችም ሥራቸው እዚያው ነበር። እኛ ያልለየነውን በእጃቸው ይለዩልን ነበር።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። ማቃጠል ክምሩን ይቀንሳል፤ የተቃጠለ ዕቃ ግን ወደ ዑደቱ አይመለስም። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብ ትርፍራፊና መሰል እርጥብ ነገር ነው። እርጥብ ነገር በደንብ አይነድም፤ አየር ሳያገኝ ሲበሰብስም ሚቴን የተባለውን አየር የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል። የሚሻለው ለይቶ ኮምፖስት ማድረግ ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. ኪርሄር፣ ራይከና ሄከርት የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ዑደታዊ ኢኮኖሚ የተሰጡ 114 ትርጓሜዎችን መርምረው ነበር። ትርጓሜዎቹ በይበልጥ የሚያነሡት ስለ ሀብት ዕድገትና ስለ አካባቢ ነው፤ ማኅበራዊ ፍትሕንና መጪውን ትውልድ የሚያነሡት ግን ጥቂት ናቸው። ዘላቂ ልማት የሚባለው ግን ያለ እነዚህ ሁለቱ አይቆምም። ቆሻሻው ዞሮ የሚለቅመው ሰው ከተረሳ ዑደቱ ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ከኛ ምን ይጠበቃል? ኢስራፍን የከለከለ ዲን ይዘን በጀመዓ ኢፍጣር ማግሥት የሚቀረውን ምግብና የውኃ ፕላስቲክ ሁላችንም አይተነዋል። በመጀመሪያ የምንበላውን ያህል ብቻ እናንሣ። ቀጥሎ ሦስት ማዳበሪያ ከረጢት እናቁም፦ አንዱ ለትርፍራፊ፣ አንዱ ለደረቅና ንጹሕ ፕላስቲክ፣ አንዱ ለቀሪው። ፕላስቲኩን ለሚሰበስቡት ሰዎች በክብር እናስረክብ። ወጪው ሦስት ከረጢት ነው፤ የሚያተርፈው ግን ሌላው ሰው በባዶ እጁ ከቆሻሻ ውስጥ መፈለጉን ነው።