ከ1500 ግራም በታች የተወለዱ ሕፃናት ዓይን

ብርሃን የሚቀበለው የዓይናችን የውስጥ ሽፋን (ሬቲና) የደም ሥሮቹ ማደግ የሚጀምሩት በእርግዝናው 16ኛ ሳምንት ገደማ ነው፤ ጫፍ የሚደርሱት ግን በመውለጃው ሰሞን ነው። ያለ ወሩ፣ በተለይም ከ1500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ሥሮቹ መንገድ ላይ ሳሉ ይወጣል። ደም ያልደረሰው የሽፋኑ ክፍል ኦክስጅን ሲያጥረው ደካማና ቦታቸውን የሳቱ አዳዲስ ሥሮች ይበቅላሉ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ በራሱ ይሽራል። ሲብስ ግን ሥሮቹ ይደማሉ፤ ጠባሳቸውም ሽፋኑን ስቦ ያላቅቀዋል።

እኛን የሚያሳስበን ቀጠሮው ነው። ከውጭ ሲታይ ዓይኑ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ሕፃኑ በተወለደ በ4ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ይህም ዐቂቃው አልፎ ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈልን» ብሎ የሚረጋጋበት ጊዜ ነው። «አርባዋ ሳይሞላ እንዴት ትወጣለች?» የሚሉ ዘመዶችም አይጠፉም። ኒፋስ ከሶላትና ከጾም ያሳርፋል እንጂ ከሐኪም ቤት አያግድም። ደግሞስ አባት ይዞት ቢሄድ ምን አለበት?

በጊዜው ከተደረሰበት በሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይታከማል። ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ከተላቀቀ በኋላ ግን ብርሃኑን መመለስ እጅግ አዳጋች ነው። ከሆስፒታል ስትወጡ የዓይን ምርመራው ቀን ካልተነገራችሁ ጠይቃችሁ አስጽፉ።