«ፒኤች»ን ስለ መተርጐም

ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውሃ አጣምሮ የማልማት ዘዴ አኳፖኒክስ ይባላል። ከዓሣው የሚወጣውን አሞንያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱን አትክልቱ ይመገበዋል፤ ውሃውም ተመልሶ ወደ ዓሣው ይሄዳል። ይህን ዘዴ ለደባርቅና ለዳባት ገበሬ ለማስረዳት የሚነሣ ተርጓሚ አስቀድሞ የሚገጥመው ቃል «ፒኤች» ነው።

ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው በዚህ መለኪያ 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይበዛል፤ ያውም በየአንዱ ደረጃ ዐሥር እጥፍ። «የኮምጣጣነት መጠን» የሚለውን ፍች የማንደግፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባክቴሪያዎቹ በሥራቸው አሲድ ስለሚያመነጩ የውሃው ፒኤች እያደር ይወርዳል። ይህን «የኮምጣጣነቱ መጠን ቀነሰ» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ፣ ገበሬው በኮመጠጠው ውሃ ላይ ሌላ አሲድ እንዲጨምርበት ይመራዋል፤ የሚያልቀው ግን ዓሣው ነው። ስለዚህ ስሙን እንዳለ ወስዶ ግሡን ከቤት ማምጣት ይሻላል፦ «ፒኤቹ ወረደ፤ ውሃው ኮመጠጠ»። ጠላ ሲኮመጥጥ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይጠፋውም።

ለተቃራኒው ወገን እንዲህ ያለ የጣዕም ቃል የለንም። «ጨዋማ» የሚሉ አሉ፤ ጨው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «አልካሊ» ከዐረብኛ የመጣና መነሻው የተክል አመድ የሆነ ቃል ስለሆነ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበን መድኃኒቱ ነው። የስሜን ተራሮች በአብዛኛው ባዛልት ናቸው፤ በእንዲህ ያለ አለት ላይ የሚወርድ ውሃ የኖራ ድንጋይ ካለበት ምድር እንደሚፈልቀው ኮምጣጣን የሚመክት ካርቦኔት አይበዛበትም። ስለሆነም መመሪያው «ኖራ ጨምር» ማለቱ አይቀርም። የትኛውን ኖራ? የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ዝግ ብሎ ይሠራል። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ውሃ ጠጥቶ የበረደው ደግሞ ፒኤቹን በቶሎ ያንረዋል፤ ፒኤች ሲንር አሞንያ በዓሣው ላይ መርዝነቱ ይጠነክራል። ለሦስቱም የሚስማማው ውሃ ከ6 እስከ 7 ያለው ሲሆን፣ አትክልቱ ዝቅ ያለውን፣ ባክቴሪያዎቹ ከፍ ያለውን ይመርጣሉ። በሙያ መዝገበ ቃላት «የኖራ ድንጋይ ዱቄት»፣ «የተቃጠለ ኖራ» እና «ውሃ የጠጣ ኖራ» በየራሳቸው መግቢያ ቃል እንዲሰፍሩ፣ «ኖራ» ብቻውን ግን በመመሪያ ውስጥ እንዳይጻፍ እናሳስባለን።