ጭቃ ላይ አየር የጎደለው ጎማ ለምን ይቀድማል?

ቤታችሁ ብስክሌት ካለ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ጣታችሁን ድንጋይ ሆኖ ከመለሰው፣ “በደንብ ተነፍቷል” ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ለአስፋልት ልክ ናችሁ። ለጭቃ ግን ይህ ጎማ አይሆንም።

ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት የሳይክሎክሮስ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ሳይክሎክሮስ አውሮፓና አሜሪካ ሲቀዘቅዝ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ገደማ፣ በሣር፣ በአሸዋና በጭቃ ላይ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር ነው። አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መንገዱ ላይ ሆን ተብሎ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሳንቃዎች ይቆማሉ፤ ተወዳዳሪው ዘሎ ይወርዳል፣ ብስክሌቱን አንጠልጥሎ ይሻገራል፣ እየሮጠ መልሶ ይፈናጠጣል። 17 እና 18 ዓመት የሆናቸው ጁኒየሮች እንዲህ እያደረጉ 40 ደቂቃ ያህል ይፋለማሉ። ብዙ ጊዜ ቅዳሜ አንድ፣ እሑድ ደግሞ ሌላ ውድድር አለ።

ከመነሻው በፊት ከእነዚህ ልጆች አንዱን ብታዩት ጎማው ላይ አጎንብሷል። እየነፋ እንዳይመስላችሁ፤ እያስተነፈሰ ነው።

ለምን እንደሆነ ራሳችሁ ሞክሩት። ጎማውን ጠንከር አድርጋችሁ ንፉና በእርጥብ ጨርቅ አርጥቡት። ብስክሌቱን ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ፤ አንዱ መሪውን ይያዝ፣ ሌላው ይቀመጥበት። ከወረደ በኋላ ብስክሌቱን ብድግ አድርጋችሁ ሲሚንቶው ላይ የቀረውን እርጥብ አሻራ በጠመኔ ክበቡት። ከዚያ አየሩን ቀነስ አድርጋችሁ ድገሙት። ሁለተኛው ክብ ሰፍቷል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ሲጫን ነው። የኋላው ጎማ 40 ኪሎ ከተሸከመ፣ ያንን የሚችልበት ስፋት እስኪያገኝ ድረስ መሬቱ ላይ ይተኛል። በ6 ባር የተነፋ የአስፋልት ጎማ ከ7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ይበቃዋል። 1.5 ባር ላይ ያለው የሳይክሎክሮስ ጎማ ግን ወደ 27 ያስፈልገዋል። የጎማው ግድግዳም ጥቂት ስለሚሸከም ቁጥሩ ግርድፍ ነው፤ ቢሆንም ልዩነቱ አራት እጥፍ ይደርሳል።

ጭቃ ላይ ይህ ስፋት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ክብደቱ ስለተበተነ ጎማው ብዙ አይሰምጥም። ሁለተኛው የሚገርመው ነው። ጭቃ ላይ ጎማ ሲሽከረከር ልብ ብላችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ጎማው ሳይሆን ጭቃው ራሱ ነው፤ ተቆርሶ ወደ ኋላ ይወረወራል። ጎማው ሰፋ አድርጎ ከያዘ በአንድ ጊዜ መቆረስ ያለበት ጭቃ ይበዛል፣ ስለዚህ ቶሎ አይሸነፍም። ሥርና ጠጠር ሲያጋጥመውም ለስላሳው ጎማ ታጥፎ ያልፈዋል። ጠንካራው ይነጥራል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ የሚይዘው ነገር የለውም።

“ታዲያ ለምን ሰፊ ጎማ አይገጥሙም?” ትሉ ይሆናል። ሕጉ አይፈቅድም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በትልልቆቹ ውድድሮች የጎማውን ስፋት 33 ሚሊ ሜትር ላይ ገድቦታል። ስፋቱ ከተገደበ የሚቀረው መጫወቻ አየሩና የጎማው ጥርስ ነው።

የጥርሱን ነገር ለማየት ወጥ ቤት እንግባ። አንድ እፍኝ ዱቄት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና ውኃ በማንኪያ ጨምሩበት። መጀመሪያ ይፈረፈራል፣ ጣት አይይዝም። ትንሽ ስትጨምሩ እጃችሁ ላይ ሙጭጭ ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉና የማይፈለግ ማበጠሪያና አንድ ሹካ ሊጡ ውስጥ ከትታችሁ አውጡ። የማበጠሪያው ጥርሶች መሐል ሊጥ ተሞልቶ ይቀራል። ሹካው ላይ ያለው አንዴ ስታራግፉት ይወድቃል። የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ ተራርቀው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ጥርሱ ተጠጋግቶ የተሞላ ጎማ ልሙጥ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ሊጡ ላይ ውኃ መጨመሩን ቀጥሉ። ይቀጥንና ከጣታችሁ ላይ ራሱ ይወርዳል። ከፍርፋሪው፣ ከሚጣበቀውና ከሚፈሰው ከሁሉም የሚከፋው የመሐሉ ነው። ዋልካ መሬት ላይ የሄደ ሰው ይህን አይረሳውም፤ ዝናቡ ሲያባራ ነው ጫማ በየእርምጃው የሚከብደው። የሸክላ አፈር ቅንጣት ከ2 ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝርግ ነገር ነው፤ ጥቂት ውኃ መሐላቸው ሲገባ እርስ በርስም፣ ያገኙት ነገር ላይም ይለጠፋሉ። ውኃው ሲበዛ ግን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ስለዚህ የልጁ ቅዳሜና እሑድ አንድ አይሆኑም። ቅዳሜ ዝናብ እየወረደ ጭቃው ቀጭን ነው፤ ፊቱን ያለብሰዋል፣ ነገር ግን ከብስክሌቱ ላይ ታጥቦ ይወርዳል። ሌሊት አባርቶ እሑድ ነፋስ ከነፈሰ ያው ሜዳ ፍሬኑንና ካቴናውን እየሞላ ጎማውን ያንቃል። ቅዳሜ የሠራው አየርና ጥርስ እሑድ ላይሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአውሮፓ ወጥቶ አሜሪካ፣ ሉዊቪል ሲደረግ ደግሞ የኦሃዮ ወንዝ ሜዳውን ሊያጥለቀልቅ ስለነበር የእሑዱ ውድድር ሁሉ ወደ ቅዳሜ ተሳበ። የሁለት ቀኑ ጎማ ሁሉ ያንኑ ሜዳ በአንድ ቀን አረሰው። በጁኒየሮቹ ውድድር ያሸነፈው የኔዘርላንዱ ማቲዩ ቫን ደር ፑል ነበር፤ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት።

ጭቃው ሲለጠፍ ብስክሌቱ በኪሎዎች ይከብዳል። መድኃኒቱ ሁለተኛ ብስክሌት ነው። በየዙሩ ሁለት ጊዜ በሚታለፍ መቀየሪያ ቦታ ልጁ የጨቀየውን ይጥላል፣ ንጹሑን ይነጥቃል፤ እስኪመለስ አባቱ ወይም እናቱ በግፊት ውኃ ያጥቡለታል። እዚህ ላይ ስፖርቱ ትንሽ ያስከፋኛል፤ አንድ ብስክሌት ብቻ ያለው ልጅ ጭቃውን ተሸክሞ መጨረስ አለበት።

ለእሱም ቢሆን አንድ ብልሃት አለ፤ ከወጥ ቤት የሚወጣ። አሜሪካ ውስጥ የብስክሌቱን አካልና ፔዳሉን የሚረጭ የምግብ ዘይት ይቀቡታል። እንጀራ እንዳይይዝ ምጣዱን በጎመን ዘር እንደማሰስ ነው፤ የጭቃው ውኃ ዘይት የያዘውን ብረት ማርጠብ ስለማይችል ጭቃው መጨበጫ ያጣል። የአንድ ሳህን ግማሹን ዘይት ቀቡና ያንን ሊጥ ሁለቱም ወገን ላይ ለጥፉ፣ ከዚያ ሳህኑን አዘንብሉት። ፍሬን አጠገብ ግን ዘይት አይድረስ!

አየር መቀነስም ልክ አለው። በጣም ከላላ ጎማው ኩርባ ላይ ይጣመማል፣ ድንጋይ ሲመታም ቸርኬው ድረስ ይረገጣል፤ የውስጥ ጎማ ካለው በድንጋዩና በቸርኬው መሐል ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳል። ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ የሚለጠፈው የውድድር ጎማ ይህን በተሻለ ይችላል፣ እሱም ቢሆን ስለት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ሻምፒዮናው ሉክሰምበርግ፣ ቢለስ ላይ መሬቱ በረዶ ሆኖ ድንጋዩ ሲሾል ጎማ የጨረሰው ብዙ ነው፤ ያ ቫን ደር ፑል በአዋቂዎቹ ውድድር ጎማው ደጋግሞ እየተበሳበት ድሉን ለቤልጂየሙ ዎውት ቫን አርት ለቀቀ።

ልጆቹ ልኩን የሚያገኙት ከውድድሩ በፊት ሜዳውን እየዞሩ ነው። ጥቂት ያስተነፍሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ደግሞ ጥቂት ያስተነፍሳሉ፤ ቸርኬው ሥር ላይ ጠቅ ማለት ሲጀምር ያቆማሉ።

እናንተም ጭቃማ መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ በትንሽ በትንሹ ቀንሳችሁ ሞክሩት። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር በታች አትውረዱ። የፊተኛውን ደግሞ ከኋላው ትንሽ ይበልጥ አላሉት፤ የሚሸከመው ክብደት ያነሰ ስለሆነ።