ችግኙ የማን ነው?

«እማዬ፣ ችግኜ ደረቀ» አለችኝ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ያን ዕለት ማታ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የትምህርት ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ነበረች። አንድ ክረምት ትልልቅ ሰዎች መጥተው በግቢው ችግኝ ተክለው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ሄዱ። ጥር ላይ አብዛኛው ችግኝ ደርቆ ተገኘ። በዚህ ያዘኑት የክበቡ ተማሪዎች «በሚቀጥለው ክረምት እኛ እንትከል፤ ኃላፊነቱም ለእኛ ይሰጠን» ብለው ርእሰ መምህሩን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም።

ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፈሩ። ሥሩ እንዳይታፈን ችግኙ ያደገበትን ፕላስቲክ ቀድደው አወጡ። እያንዳንዱ ልጅ በስሙ አንድ ችግኝ ተረከበ። ዝናቡ ሲያቆም በየችግኙ ዙሪያ ውሃ የሚይዝ ጎድጓዳ ክብ ሠሩ፤ አፈሩ ቶሎ እንዳይደርቅም ደረቅ ሣር አለበሱት። ከቧንቧው ሥር የሚፈሰውን ውሃ በባልዲ እያጠራቀሙ በየተራ ያጠጡ ነበር።

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ግን ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ልጄ «በሳምንት ሁለት ቀን ሄጄ ላጠጣ፤ ዘበኛው ያስገባኛል» ብላ ለመነችኝ። በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስለሚጠብቃት እኔ «ዛፍ ፈተና አያሳልፍሽም፤ ቁጭ ብለሽ አጥኚ» አልኋት። ባለቤቴ «ግማሽ ሰዓት ምን ይጎዳታል? ተያት ትሂድ» ቢለኝም አልሰማሁትም። ከዕረፍት ስትመለስ ዝግባዋ ደርቆ ጠበቃት።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ የልጆች ጨዋታ አድርገን እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመን አገር ፊሊክስ ፊንክባይነር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በክፍሉ ፊት እንዲናገር ታዘዘ። ሲዘጋጅ የኬንያዊቷን የዋንጋሪ ማታይን ታሪክ አገኘ። እርሷ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የገጠር ሴቶችን አስተባብራ በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ ያስተከለች፣ በ2004ም የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለች ናት። ፊሊክስም በየአገሩ ያሉ ልጆች አንድ አንድ ሚሊዮን ዛፍ እንዲተክሉ ሐሳብ አቀረበ። ትምህርት ቤቱ አልሳቀበትም፤ ለሌሎች ክፍሎችም እንዲናገር አደረገው። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ የመጀመሪያው ዛፍ በትምህርት ቤቱ ተተከለ፤ እንቅስቃሴውም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ።

ይሁን እንጂ በኋለኞቹ ዓመታት የጀርመን ጋዜጦች ተተከሉ ከተባሉት ዛፎች ምን ያህሉ በእርግጥ አሉ ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው እኛንም ይመለከታል። በአገራችን ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማሳደግ ግን ዝናብ በሌለባቸው ወራት ባልዲ የሚሸከም ሰው ይፈልጋል። አዳምም ገነትን እንዲያለማና እንዲጠብቅ ሁለቱንም አደራ እንደ ተቀበለ ዘፍጥረት 2፡15 ያስተምረናል።

ታዲያ እኛ ወላጆች ምን እናድርግ?

1. ሥራውን አንቀማቸው። እኛ ስንቆፍርላቸው ቶሎ ያልቃል፤ ችግኙ ግን የእነርሱ መሆኑ ይቀራል።

2. ለትንሹ አደራቸው ጊዜ እንስጥ። ልጅ በተረከበው ነገር መታመንን የሚማረው በዕለት ተዕለት ሥራ ነው፤ ይህንንም ፈተና አይተካውም።

3. ባልና ሚስት አስቀድመን እንነጋገር። አንዳችን ፈቅደን ሌላችን ስንከለክል የሚጎዳው ልጁ ነው።

በማግስቱ ልጄ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ዝግባው እኮ አንቺን ይቅር ቢል አይመለስም» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ወረቀትና ማስመሪያ ይዛ ሳሎን ተቀመጠች። ለክበቡ የዕረፍት ጊዜ ተረኞችን ሠንጠረዥ እያዘጋጀች ነበር፤ በየቀኑ ሁለት ሁለት ስም። በታችኛው መስመር ላይ «አጃቢ ወላጅ» የሚል ባዶ ቦታ ትታ ወደ እኔ ቀና አለች።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስሜን ጻፍሁ። በእናንተስ ልጆች ሠንጠረዥ ላይ ስማችሁ አለ?