ስልኩ ለልጁ ሳይሆን ለወላጁ ነው
ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች ከሩቅ ስለሚሰጥ እገዛ

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ካርቱም ሳስተምር የገጠመኝ ነገር ነው። ጅሬፍ ሰፈር በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ የስደተኛ ልጆችን ፊደል አስቆጥር ነበር። አንድ ቀን ቡና እየሸጠች የምትኖር እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ አፉን አልፈታም፤ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የጠርሙስ ክዳን ሲደረድር ይውላል። እኔም "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ትንሽ ይደግ" ብዬ መለስኳት። ሥራ ስትሄድ በር እየቆለፈችበት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ያ መልሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድነው? ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር ለመግባባት ይቸገራል፣ አንድን ነገር ይደጋግማል፣ የለመደው ነገር ሲቀየር ይረበሻል። አንዳንዱ ይናገራል፣ አንዳንዱ አይናገርም። ተላላፊ በሽታ አይደለም። ቡዳም እርግማንም አይደለም። የእናት ጥፋትም አይደለም። በ1950ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የተማሩ ሐኪሞች ሳይቀሩ "እናትየው ፍቅር ስለነፈገችው ነው" ይሉ ነበር፤ ኋላ ግን ስህተት መሆኑ ተረጋገጠ።

በአገራችን ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እሳቸው በ2021 ቢያርፉም ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤት እንዲያወጡ መንገድ ከፍተዋል። ነገር ግን በስደት ላለ ወላጅ አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ታዲያ ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች በ9 የቡድን ስብሰባና በ3 የቤት ጉብኝት የሚሰጥ ነው። ኢትዮጵያም ውስጥ ተሞክሯል። ሥልጠናውን የሚሰጠው የግድ ስፔሻሊስት ሐኪም መሆን የለበትም። በ2022 ደግሞ ወላጅ በራሱ ጊዜ የሚማርበት ነፃ የኢንተርኔት ኮርስ ወጣ። ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ልጁን በየቀኑ የሚያገኘው ወላጁ ስለሆነ መብላቱ፣ መታጠቡ፣ መልበሱ ሁሉ የትምህርት ሰዓት ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "በስልክ ይረዱታል" ሲባል ልጁን ስክሪን ፊት የሚያስቀምጥ አለ። እንደዚያ አይደለም። ስልኩ ወላጁን ለማስተማር ነው፤ ልጁን የሚያስተምረው ወላጁ ነው።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ከካርቱም ተበታተንን። ያቺ እናት ገዳሪፍ ከተማ ገባች፣ እኔም ካምፕ ገባሁ። አንድ የጤና ባለሙያ ያሳየኝን ይዤ በየሳምንቱ በኢሞ መነጋገር ጀመርን። የመጀመሪያ ግባችን አንድ ብቻ ነበር፦ ልጁ ውኃ መጠየቅ እንዲችል። "መምህር፣ ሲያለቅስ እሰጠዋለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ከማልቀሱ በፊት፣ የሚጠማበትን ሰዓት ጠብቃ እንዲህ እንድታደርግ ተስማማን፦

1. ቁጭ ብላ ፊቷን ከፊቱ ታስተካክላለች፤ ኩባያውን ታሳየዋለች።
2. "ውኃ" ትላለች፤ በልቧ እስከ አምስት ቆጥራ ትጠብቃለች።
3. ካያት ወይም እጁን ከዘረጋ ወዲያው ትሰጠዋለች፣ ታመሰግነዋለች። ዝም ቢልም ውኃውን አትከለክለውም።

ከዚያ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ወይም ቮይስ ትልክልኛለች፦ ከዚያ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን ሆነ? "ዛሬ አስቸገረኝ" ብቻ ከተባለ ከሩቅ ያለ ሰው ምንም መምከር አይችልም። በ2024 መጀመሪያ ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት ላይ ጭረት እየጫረች ቆየች፤ ሲመለስ ቆጥራ ነገረችኝ።

ልጁ ዛሬም አይናገርም። ግን ሲጠማው ኩባያውን ይዞ ይመጣል። እናትየው ይህንኑ ዘዴ ለጎረቤቷ አሳይታ፣ ሥራ ስትሄድ ልጁ ከጎረቤቷ ጋር ይውላል። በሩ አይቆለፍም።

ስልክ የማይችለውም አለ። ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። የሚጥለው፣ ይናገር የነበረውን ቃል የተወ፣ ወይም ምግብ እምቢ ያለ ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የልጁን ቪዲዮም ያለ ወላጁ ፈቃድ ለማንም አናስተላልፍ።

ውድ መምህራን፤ እንዲህ ያለ ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ ሲያጋጥማችሁ እንደ እኔ "ይደግ" ብላችሁ አትመልሱት። ተማሪዎችም ብትሆኑ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ቮይስ መላክ ማሳየት ትችላላችሁ። የተቆለፈ በር ያለበትን ቤት የምናውቀው እኛው ጎረቤቶቹ ነንና።