ስኬቲንግ ሁሉ አንድ አይደለም፦ አግረሲቭ ኢንላይን ምንድን ነው? በምን ይጀመራል? ከማን ጋር?

ቴሌግራም ላይ ገብታችሁ «ስኬት» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁ ስለ ሕይወት ስኬት የሚያወራ የሞቲቬሽን ቻናል መዓት ነው። እኔም አብሮኝ ሮለር የሚነዳ ሰው መፈለግ የጀመርኩት እንደዚህ ነበር። አንድም ስኬተር ሳላገኝ፣ ስለ ጠዋት አነሳስ ምክር ሰምቼ ወጣሁ።

ይሄን የምጽፈው ዲማም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ ቲክቶክ ላይ ባለ ጎማ ጫማ አድርገው የደረጃ ብረት ላይ የሚንሸራተቱ ልጆችን አይታችሁ «ይሄን ነገር እንዴት ልጀምር?» ለምትሉ ነው።

ያ ያያችሁት ነገር አግረሲቭ ኢንላይን ይባላል። ኢንላይን ማለት ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ማለት ነው። አግረሲቭ የሚለው ደግሞ ጠብን ሳይሆን አነዳዱን ነው የሚገልጸው። መዝለል አለ፣ ራምፕ መውጣት አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግራይንድ አለ፤ ማለትም በብረት ወይም በኮንክሪት ጠርዝ ላይ ጎማው ሳይሆን የጫማው ሥር እየፈተገ መንሸራተት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ሮለር ለመንሸራሸር የተሠራ ነው። ጎማው ትልቅ ነው፣ ብዙ ጊዜ 80 ሚሊ ሜትር አካባቢ፤ አራቱም ተጠጋግተው ነው የተደረደሩት። በዚህ ጫማ ዘላችሁ ጠርዝ ላይ ብታርፉ ጎማው ይነክሳል። እግራችሁ ቀጥ ይላል፣ ሰውነታችሁ ግን ወደፊት ይሄዳል። የአግረሲቭ ጫማ ጎማው ትንሽ ነው፣ ከ55 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጠንካራም ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጎማ መሃል ክፍተት አለ፤ እዚያ ጋ ኤች ብሎክ የሚባል ፕላስቲክ ተቀምጧል። ጠርዙ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ከጫማው ሥር በጎን ወጣ ብሎ የሚታየው ሰፊ ፕላስቲክ ደግሞ ሶል ፕሌት ይባላል። እሱም ለመፈተግ ነው የተሠራው። ሌላው ልዩነት፣ አብዛኛው የአግረሲቭ ጫማ ተረከዝ ላይ ፍሬን የለውም።

ይሄ ሁሉ በአንዴ በፋብሪካ የተፈጠረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ልጆቹ የመንሸራሸሪያ ጫማቸው ፍሬም ላይ ብረት በብሎን አስረው ነበር የሚፈትጉት። እ.ኤ.አ በ1995 በመጀመሪያው ኤክስ ጌምስ ውድድር ላይ ተካተተ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከውድድሩ ወጣ። ካሜራው ሲሄድ ገንዘቡም አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስፖርቱን ያቆዩት እርስ በርስ እየተፈላለጉ የሚነዱ ትንንሽ ቡድኖች ናቸው። ስለዚህ ብቸኝነቱ የገጠር ልጅ ችግር ብቻ አይምሰላችሁ።

ጫማ ካላችሁ ሮለሩን በማወቅ ጀምሩ። ኩሽኔታው አሸዋ ገብቶበት ይንጫጫል? ፍሬሙ ፕላስቲክ ነው ወይስ ብረት? የእኔ የመጀመሪያው ፍሬሙ ቀጭን ፕላስቲክ ነበር፤ ሦስተኛው ዝላይ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጅ ሆነን በኩሽኔታ የሠራናት የእንጨት መኪና ትሻል ነበር። በዚህ ዓይነት ጫማ መንዳት፣ መቆምና አወዳደቅ ተማሩ። ግራይንድ ግን አትሞክሩበት።

መቆም ከመሄድ በፊት ይቀድማል። አንዱን እግር ከኋላ አግድም አድርጎ መጎተት ተለማመዱ፤ ፍሬን ከሌለው ጫማ ጋር የሚያኖራችሁ እሱ ነው። ሲወድቁ ደግሞ እጅ ቀድሞ መሬት ይነካና አንጓው ይሰበራል። ጉልበት አጥፎ፣ በጉልበት መከላከያው ላይ መውደቅን ሳር ላይ ደጋግሙት። ሄልሜት ያስፈልጋል። «ያስቃል» ካላችሁ ይሳቅባችሁ። አይሱዙ ኋላ ይዛችሁ መጎተትን ግን ከእኔ አትስሙ፤ እሱ ስኬቲንግ አይደለም።

ትክክለኛውን ጫማ ስታገኙ የመጀመሪያው ግራይንድ ሳይንቀሳቀሱ ነው። ከ20 ሳንቲም የማይበልጥ ጠርዝ ፈልጉ፣ ጓደኛችሁን እጁን ይዛችሁ ውጡ፣ ሁለቱንም እግር በመሃለኛው ክፍተት ጠርዙ ላይ አሳርፋችሁ ቁሙ። ሚዛኑ ሲገባችሁ በዝግታ እየመጣችሁ ዝለሉበት። ኮብልስቶን ለዚህ አይሆንም፤ ትንሽ ጎማ እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ይቆማል። የሚሻለው የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው፣ አስፈቅዳችሁ። ብየዳ ቤት ደግሞ አንግል ብረት ቆርጠው ጣውላ ጠርዝ ላይ ቢያስሩላችሁ የራሳችሁ ተንቀሳቃሽ ጠርዝ አላችሁ። ሻማ ብትቀቡት ይንሸራተታል።

እጁን የምትይዙት ሰው ከየት ይመጣል? ዲማ ሲባል ሰው የሚያስበው ቅኔ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ መምህሩ ያለበት ድረስ በእግሩ ይሄዳል እንጂ መምህሩ እንዲመጣለት አይጠብቅም። እዚህም ያው ነው። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ላፍቶ ውስጥ በ2008 ዓ.ም የተሠራ አዲስ ስኬት ፓርክ አለ፤ ኢትዮጵያ ስኬት የተባለው የወጣቶች ቡድንና አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ኮንክሪት አፍስሰው የሠሩት ነው። የሚበዙት በሰሌዳ የሚነዱት ናቸው፤ ራምፑና ጠርዙ ግን ለእኛም ይሆናል። ተራ ጠብቁ፣ ሻማ ከመቀባታችሁ በፊት ጠይቁ። ሴቶች ደግሞ ኢትዮጵያን ገርል ስኬተርስ የሚባል ቡድን አላቸው፤ ሴቶች ብቻ የሚለማመዱበት ጊዜ ያዘጋጃሉ። መኪና የሚከለከልበት የ«መንገድ ለሰው» እሁድም ባለ ሮለር አይጠፋበትም።

ቴሌግራም ይረዳል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በስልክ ብቻ የማውቃቸው ልጆች ሁሉ ከእጄ ወጡ። የቀሩልኝ በአካል የማውቃቸው ሁለት ናቸው። ያገኘኋቸውም በቀላል መንገድ ነው፦ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ መንዳት። ሰው መጀመሪያ ቆሞ ያያል፣ ይስቃል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ በ2006 በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከመሆኑ በፊት በረዶ በሌለበት አገር ባለ ጎማ ስኪ አስፋልት ላይ ሲነዳ ስንቱ ዞሮ እንዳየው አስቡት። በአራተኛው ሳምንት ግን ቆሞ ካየኝ አንዱ «ቁጥርህ ስንት ነው?» አለኝ። ስልኬን መስሎኝ ነበር፤ የጫማዬን ነበር የጠየቀው።

አሁን ሦስት ነን፣ ጫማው ሁለት። የሦስተኛው እግር 40 ስለሆነ ካልሲ ደርቦ ነው 42 ውስጥ የሚገባው።