የደመራን በዓል ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ መጥቶ ስለ መመልከት



በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚከበረውን የደመራ በዓል ለመመልከት፣ ከከተማይቱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞችም ብዙ ሕዝብ ይመጣል። ስለ በዓሉ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ነገር ግን በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ እየኖረ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግል ሰው ከበዓሉ ምን ምኑን ቢመለከት እንደሚጠቀም፣ ከመሸም በኋላ ወደ ቤቱ እንደምን በደኅና እንደሚመለስ የተነገረው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ይሆናል።

አንዳንድ ሰው «ሁሉንም በቴሌቪዥን ስለማየው መድከም ምን ያስፈልገኛል?» ይላል። ቴሌቪዥን የሚያሳየው ግን የክብር እንግዶችን፣ ንግግሩንና እሳቱን ነው። የበዓሉ ፍሬ ከእሳቱ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሰዓታት ውስጥ መሆኑን የሚያውቅ፣ በሥፍራው ቆሞ ያየ ሰው ነው።

ደመራ የሚለው ቃል «ደመረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ እንጨትን በእንጨት፣ ችቦን በችቦ ላይ ማከማቸት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረው፣ የጌታችን መስቀል ከቆሻሻ ክምር ሥር ተቀብሮ ለረጅም ዘመን ከኖረ በኋላ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት ዕሌኒ ልትፈልገው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ መክሯት እንጨት አስደምራ፣ ዕጣንም ጨምራ ብታቃጥል፣ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ገና በመመለስ የተቀበረበትን ሥፍራ አመለከታት። ቁፋሮው መስከረም 17 ቀን ተጀመረ፤ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ቀን ነው። ስለዚህ በመስከረም የምናበራው እሳት የፍለጋው መጀመሪያ መታሰቢያ ነው፤ የመገኘቱ ቀን ስድስት ወር ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ብዙ ተመልካች ሁለቱን ቀላቅሎ ሲናገር እንሰማለን። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አደባባዩም የራሱ ታሪክ አለው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በበዓሉ ላይ ይገኙ ነበር። በደርግ ዘመን ስሙ ተለውጦ «አብዮት አደባባይ» ተባለና በየዓመቱ የአብዮቱ በዓል ሰልፍ የሚታይበት ቦታ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የቀድሞ ስሙ ተመለሰለት።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሰበታ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሱሉልታ ደግሞ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። የሰበታ ሰው በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ የቡራዩ ሰው በአስኮ፣ የሱሉልታ ሰው በአዲሱ ገበያ በኩል ይገባል።

ከሦስቱ መንገዶች በመስቀል ሰሞን ልዩ ጠባይ የሚኖረው የሰበታው ነው። መስቀል ለጉራጌ ሕዝብ ከበዓላት ሁሉ የሚበልጥ በዓል በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የሚተዳደረው ወገን ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጓዛል። ወደ ወልቂጤ የሚሄደው በሰበታ ያልፋል፤ ወደ ቡታጅራ የሚሄደው ከዓለም ገና ይገነጠላል። እንግዲህ ደመራ ለማየት ወደ ከተማ የሚገባው የሰበታ ሰው፣ ከከተማ ከሚወጣው ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል ማለት ነው። ሰንጋ ለመግዛትና ከእናት ከአባት ምርቃት ለመቀበል የሚቸኩለውን መንገደኛ «ለምን መንገድ አጨናነቅህ?» ሊሉት አይቻልም። ማለዳ መነሣት ግን ይቻላል።

መስከረም 17 ቀን የሕዝብ በዓል ሲሆን 16ኛው ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ካልዋለ በቀር የሥራ ቀን ነው። ስለሆነም የመንግሥት ሠራተኛው ከቢሮ ወጥቶ፣ ቤቱ ደርሶ፣ ልብሱን ለውጦ ልመለስ ቢል እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይደርሳል። ነጠላውንና ጥቂት ስንቁን ጠዋት ይዞ ቢወጣ ከዚህ ይድናል። ፖሊስ በየዓመቱ የሚዘጉትን መንገዶች አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ይህንን ማስታወቂያ አንብቦ መኪና ከሚቆምበት ከሩቅ ወርዶ በእግር መግባት የግድ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ፣ ከፒያሳ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። በየመግቢያው ፍተሻ ስላለ ስለት ያለው ነገር፣ ለሽንኩርት መክተፊያ የተገዛ ቢላዋ እንኳ ቢሆን፣ መያዝ አይገባም።

ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ጀምሮ ሰልፉ ይገባል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየአጥቢያቸው ተከፍለው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ ያልፋሉ። የአንዱ አጥቢያ ልብስ ከሌላው የተለየ ስለሆነ በቀለሙ መለየት ይቻላል። ንግሥት ዕሌኒንና ሽማግሌውን ኪራኮስን መስለው በትርኢት የሚያሳዩም አሉ፤ ታሪኩን ላላነበበ ሕፃን ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይገኝም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ተብሎ መታየት ያለበት የሊቃውንቱ አቋቋም ነው። ካህናቱና መዘምራኑ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው በሁለት ወገን ሲቆሙ፣ ያልለመደ ዓይን ሁሉም አንድ ዓይነት ውዝዋዜ ይመስለዋል። ዜማው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ ሲሆን አቋቋሙ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ነው። በዝማሜ መቋሚያው ብቻ ከዜማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይንቀሳቀሳል። በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይጨመራሉ። በጽፋት ደግሞ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይከተላል። ይህንን ያወቀ ተመልካች ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ስለሚጠብቅ፣ የቆመበት ሰዓት አይረዝምበትም። ፎቶግራፍ ለማንሣት እጁን ዘርግቶ ከኋላው የቆሙትን የሚጋርድ ሰው ግን ይህ ሁሉ ያመልጠዋል፤ ለሌላውም ያስመልጣል።

ከዚያ በኋላ ፓትርያርኩና ጳጳሳቱ በአደይ አበባ ያጌጠውን ደመራ ይዞራሉ፤ ጸሎት ይደርሳል፤ ቡራኬ ይሰጣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ደመራው ይለኮሳል። በሰሜን ባሉ አንዳንድ አገሮች ይህ የሚደረገው በማግስቱ በ17 ማለዳ ነው። ሕዝቡ ከመካከል የቆመው ምሰሶ ወደ የት እንደሚወድቅ በጉጉት ይጠባበቃል፤ በአወዳደቁም ስለ ዓመቱ ሰላምና ስለ መከሩ ይተረጉማል።

ሕፃናትን ይዞ የመጣ ሰው ማሰብ ያለበት የሚገባበትን ሳይሆን የሚወጣበትን ነው። ሁሉም ሰው ቀስ በቀስ፣ በአራትና በአምስት ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ ግን እሳቱ እንደ ጋለ ባንድ ጊዜ ይነሣል፤ ያውም በጨለማ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስትና ከስድስት ሰው በላይ ከቆመ፣ ማንም በራሱ ፈቃድ ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይወስደዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው የደረት መታፈን ነው፤ ሰው ሳይወድቅ ቆሞ ሳለ እንኳ ትንፋሽ አጥቶ ሊሞት ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በደቡብ ኮሪያ በሴኡል ከተማ፣ በአንዲት ጠባብ ቁልቁለት መንገድ ላይ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ወጣቶች፣ ያለቁት በዚህ ዓይነት ነው። በአገራችንም መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በሆረ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጢስ በተኮሱ ጊዜ፣ በትርምሱ ከጉድጓድ ወድቀውና ተረጋግጠው ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት ራሱ አስታውቋል። ሟቾቹ ለምስጋና ወጥተው የነበሩ ናቸው።

ስለዚህ ብርሃን ሳለ ሁለት መውጫ አስቀድሞ ማየት ያሻል። ከመካከል ይልቅ ከዳር፣ ከሜዳው ይልቅ ከደረጃው ላይ መቆም ይሻላል። ቢጠፋፉ የሚገናኙበትን ቦታ ከልጆች ጋር መነጋገር፣ በልጁ ኪስም የወላጁን ስልክ ቁጥር ጽፎ መክተት መልካም ነው። ግፊያ ቢመጣ መልሶ መግፋት አይጠቅምም፤ ሁለት ክንድን ደረት ላይ አድርጎ ለትንፋሽ ቦታ መያዝ፣ ግፊያው ጋብ ባለ ቁጥርም በአግድም ወደ ዳር መጠጋት ነው። ከሁሉም የሚቀለው ሌላው ሕዝብ ሲወጣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ መቆየት ሲሆን፣ ይህንን የሚያደርግ ሰው ጥቂት መሆኑ ያስገርማል።

ይህ ምክር ከደመራው በኋላ በቅርብ ቀን ለሚመጣው ለኢሬቻም ያገለግላል። የኦሮሞ ሕዝብ ክረምቱን አሳልፎ ወደ ብርሃን ላደረሰው ለዋቃ ምስጋና የሚያቀርብበት ይህ በዓል፣ ከመስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባም በሆረ ፊንፊኔ ይከበራል፤ በማግስቱ እሑድ ደግሞ በቢሾፍቱ ይቀጥላል። እናቶች ሲንቄ ይዘው፣ አባ ገዳዎችም በየማዕረጋቸው ሆነው ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ በውኃው እየነከረ ያመሰግናል። ከወለጋና ከአምቦ የሚመጣው በቡራዩ፣ ከጅማና ከወሊሶ የሚመጣው በሰበታ፣ ከሰላሌ የሚመጣው በሱሉልታ ስለሚያልፍ፣ የሦስቱ ከተሞች ነዋሪዎች በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ታላላቅ ጉዞዎችን ከደጃቸው ያያሉ። ለመንገደኛው ውኃ ማቅረብ፣ ማረፊያም መስጠት የአገሩ ልማድ ነው።

«ታዲያ ሁሉም ወደ አደባባዩ ይምጣ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ምእመናን በየአጥቢያቸው ደመራ ይደምራሉ። ሽማግሌዎችና ሕፃናት በብዛት የሚገኙት በዚያ ነው፤ ችቦውን የሚያስረውም፣ በማግስቱ አመዱን በግንባሩ ላይ በመስቀል ምልክት የሚቀባውም የጎረቤት ሰው ነው። በእኛ አስተያየት ታላቁን ሥርዓት ያላየ ሰው አንድ ዓመት መጥቶ ቢያይ፣ በሌሎቹ ዓመታት ግን ከአጥቢያው ባይለይ የተሻለ ነው። ወጣቱ ሁሉ ወደ መስቀል አደባባይ ከሄደ፣ የሠፈሩን ምሰሶ የሚያቆም ጉልበት ከወዴት ይመጣል?

ወደ አደባባዩ ለመምጣት የቆረጠ ሰው የመመለሻውን መኪና ከጓደኞቹ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ በዚያ ምሽት ታክሲ ማግኘት ቀላል አይደለምና። የሱሉልታ ተመላሽ በተለይ ከነጠላው ሌላ ጋቢ ይያዝ። ከእሳቱ አጠገብ ሞቆት የነበረ ሰው የእንጦጦን አቀበት ጨርሶ ወደዚያ ማዶ ሲወርድ፣ የመስከረም ሌሊት ብርድ ከሜዳው ላይ ይጠብቀዋል።